የቅመም ሚዛንና ጀበና፦ በጎንደር ቡናንና ዜሮ ኮላን ቀስ በቀስ የመቀነስ አንድ ጉዳይ

ባለጉዳይዋ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የቅመምና የጥራጥሬ ሱቅ ያላቸው የ47 ዓመት ወይዘሮ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተነገራቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ስኳር ያለበትን ለስላሳ ትተው ወደ “ዜሮ” የዞሩትም ያኔ ነው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ለምክር ሲመጡ ግን ያነሱት ስለ ስኳሩ አልነበረም። “ጾም በያዝኩ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጾሙ አልቀበልሽ አለኝ” አሉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው የጀመረው። ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ሰኞ ገባ። ወይዘሮዋ በዚያው ዕለት ቡናም ዜሮም እስከ ፋሲካ ላይቀምሱ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ሰኞ ማታ ድብርትና ማዛጋት ብቻ ነበር። ማክሰኞ ከዓይናቸው ኋላ የሚነሳ፣ ሲያጎነብሱ የሚብስ ራስ ምታት መጣ። ረቡዕ ማቅለሽለሽና እጅ እግር መቁረጥ ተጨመረበት፤ ጉንፋን የያዛቸው መሰላቸው። ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፤ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ “ፖዘቲቭ” ነው ተብሎ የታይፎይድ መድኃኒት ለሰባት ቀን ታዘዘላቸው። ትኩሳት ግን አልነበራቸውም። ሐሙስ ዕለት ከመድኃኒት ቤት ለራስ ምታት ብለው የገዙትን ክኒን ሁለት ፍሬ ዋጡ፤ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃቸው። ምስጋናው ለታይፎይዱ መድኃኒት ሆነ።

የክኒኑ መጠቅለያ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ተራ ፓራሲታሞል አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለበት ነው። ሁለት ፍሬ ማለት 130 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው፤ አንድ ጠንከር ያለ ቡና ከመጠጣት አይተናነስም። ቃል ገብተው የተዉትን ነገር በክኒን መልክ መልሰው ወሰዱት። ዊዳልን በተመለከተ አንድ ነገር እዚህ ይባል፦ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ምርመራው ቀድሞ በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በሁለተኛው ሳምንት ቃሉ ተሻረ፤ ቡናውም ዜሮውም ተመለሰ፤ ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ብቻ። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሆነውን የሚናገረው የሱቁ ደብተር ነው። ወይዘሮዋ ሳንቲም ሳያልፋቸው ወጪ የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ የክኒኑም ሒሳብ በደብተሩ አለ። ግዢዎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተበታትነዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ አንድም የለም። ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴ እህል ጠዋት ይቀመሳልና ቡናውም በለመደው ሰዓት፣ በ1 ሰዓት ይጠጣል። ራስ ምታቱ የጾሙ ሳይሆን የሰዓቱ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሌላ በሽታ እንዳይታለፍ ግን የተደረገ አለ። የደም ግፊታቸው 138 በ86፣ ከቁርስ በፊት የተለካ ስኳራቸው 132 ነበር። ሕመሙ በበረታበት በአንድ ዓርብ 8 ሰዓት ላይ በጣት ሲለኩ 104 ወጣ፤ ከ70 በታች ካልሆነ ስኳር ወርዶ ነው አይባልም፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ደግሞ ስኳርን እንዲህ የማውረድ ጠባይ የለውም። (ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ማውረጃ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሱ ሳይለካ “የቡና ሱስ ነው” ብሎ መተው የለበትም።) ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ዓይን የሚጋርድ ወይም እጅ የሚያሰንፍ ራስ ምታት አልነበረም። እንደዚያ ዓይነቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ካፌይን ሲቋረጥ የሚሆነው

አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀኑን ሙሉ በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ “አሁን ደክሞሃል” የሚል መልእክት ያደርሳል። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል፤ መልእክቱ አይደርስም። ሰውነት ግን ሞኝ አይደለም፤ በየቀኑ ቦታው ሲያዝበት ሌሎች መቀመጫዎችን ይጨምራል። አንድ ቀን ካፌይኑ ሲቀር አዴኖሲን በጨመረው መቀመጫ ሁሉ በአንዴ ይሰፍራል፤ የራስ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ራስ ይፈልጣል፤ ሰውነት ይዝላል፤ ሰው ይነጫነጫል።

ምልክቱ ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በአብዛኛው በሁለተኛው ቀን ይበረታል፤ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ይለቃል። በዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር አመዳደብ መሠረት በቀን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወስድ የቆየ ሰው ሲያቋርጥ የሚመጣውና 100 ሚሊ ግራም ሲያገኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚለቀው ራስ ምታት “የካፌይን ማቋረጥ” ይባላል። የወይዘሮዋ ሐሙስ ቀን ቃል በቃል ይኸው ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ቅልቅል ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ ሲወሰድ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት አምጪ ይሆናል። የእሳቸው ደብተር በአንድ ወር 12 ቀን ያሳያል፤ ገና ሦስት ወር አልሞላውም እንጂ መንገዱን ይዞታል።

ሲኒ ሳይሆን ግራም

“በቀን ስንት ሲኒ ይጠጣሉ?” የሚለው ጥያቄ ለጀበና ቡና አይበጅም። የሲኒው ልክ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አቦልና በረካም አንድ አይደሉም። የሚሻለው ጥሬውን መመዘን ነው። በዚህ ቤት ደግሞ ሚዛን ሞልቷል። ወይዘሮዋ በርበሬና ኮረሪማ የሚመዝኑበትን ትንሹን ዲጂታል ሚዛን ለሁለት ቀን ወደ ቤት ወሰዱት። የጠዋቱ ቡና ልኩ አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ጢም ተደርጎ ነው፤ 46 ግራም መዘነ። ተቆልቶ ሲወርድ 39 ሆነ፤ ቀሪው በእርጥበትና በገለባ ሄዷል።

የእኛ አገር ዐረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ነው። 39 ግራም ቁላት እንግዲህ 465 ሚሊ ግራም አካባቢ ይይዛል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ሲፈላ አብዛኛው ይወጣል፤ 400 እንበል። ጠዋት የሚጠጡት ወይዘሮዋና አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው 200 ይደርሳል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጎረቤቱ ቡና አለ፤ አምስት ሴቶች ተራ በተራ ያፈላሉ፤ ጥሬው 62 ግራም ነው፤ በተመሳሳይ ስሌት ለአንድ ሰው 105 ይሆናል። ዜሮው በቀን ሦስት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው፦ በ5 ሰዓት ረፋድ፣ በ8 ሰዓት ከምሳ ጋር፣ ማታ 1 ሰዓት ሱቅ ሲዘጋ። ስኳር አልባ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ስላለው አንዱ ጠርሙስ 50፣ ሦስቱ 150 ነው። (ከዚህ ከፍ የሚሉ ዓይነቶችም አሉ፤ መለያው ላይ ይነበብ።)

ጠቅላላው 455 ነው፤ ክኒን በተዋጠበት ቀን 585። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም አያሰጋም ብሏል። ወይዘሮዋን በጣም የገረማቸው ግን ድምሩ አይደለም፤ ዜሮው ውስጥ ካፌይን መኖሩ ነው። “ዜሮ ከተባለ ዜሮ አይደለም እንዴ?” አሉ። ዜሮው የስኳሩ ነው።

ሁለት ልማዳዊ እምነቶች በዚሁ ይታረሙ። ቡናን አጥቁሮ መቁላት ካፌይኑን አያቃጥለውም፤ ጣዕሙ ነው የሚለወጠው። ጤና አዳም መጨመርም ጉልበቱን አይቀንስም። “አቦሉን ልለፈውና ቶናና በረካ ብቻ ልጠጣ” የሚለው ግን ልክ ነው፤ ካፌይን በሙቅ ውኃ ቶሎ ይሟሟልና ትልቁ ድርሻ በአቦል ይወጣል።

ለምን በሃምሳው ቀን?

ቅነሳው የተጀመረው ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስለዚህ የጠዋቱ ቡና ሰዓት ለስድስት ሳምንት አይናወጥም። ዓመቱን ሙሉ ቢፈለግ ለዚህ ሥራ የሚሆን እንደዚህ ያለ ጊዜ የለም። ሰኔ 2 ላይ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ያ የፈተናው ቀን ነው። በጾም መካከል መጠኑንም ሰዓቱንም በአንድ ጊዜ መለወጥ የሁዳዴውን ስሕተት መድገም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቡና አልተነካም። የቀረው የማታው ዜሮ ነው፤ ክኒኑም በተራ ፓራሲታሞል ተተካ፤ እሱም በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳያልፍ ተባለ። 455 ወደ 405 ወረደ። የማታው መቅደሙ ያለ ምክንያት አይደለም፦ ካፌይን በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ማታ 1 ሰዓት የተጠጣው እኩሌታው እኩለ ሌሊት ላይም አለ። ወይዘሮዋ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር፤ ጠዋት ደክሟቸው ይነሳሉ፤ ድካሙን ለማባረር ጀበናውን ያጠነክራሉ።

በሁለተኛው ሳምንት የጠዋቱ ጥሬ ከ46 ወደ 37 ግራም ወረደ፤ ውኃውና የሲኒው ቁጥር ግን እንደ ነበረ ሆነ። ድምሩ 365። ማንም ልብ አላለውም።

በሦስተኛው ሳምንት 28 ግራም ሆነና ቤቱ ታመሰ። ታማሚዋ ወይዘሮዋ አልነበሩም። የ72 ዓመቷ እናታቸው ረቡዕ ዕለት ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመው ተኙ። ጀበናው የጋራ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም፤ የልጅየው ካፌይን ሲቀነስ የእናትየውም አብሮ በ40 በመቶ ወርዷል፤ እሳቸው ግን ዜሮም ሌላም ስለማይጠጡ ቅነሳው ከሁሉ የከበደው በእሳቸው ላይ ነው። ነገሩ ከመነገሩ በፊት ሲኒውን ወደ ብርሃን አንስተው አይተው “ይኼ ቡና ነው ወይስ የሲኒ እጣቢ?” ብለዋል። አንድ ጀበና የሚጠጡ ሰዎች ሁሉ በቅነሳው ውስጥ ናቸው፤ ያልተነገረው ሰው ሲታመም ምክንያቱን አያውቀውም፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ወደ ክሊኒክ ተወስዶ እንደገና “ታይፎይድ” ሊባል ይችላል። ለእናትየው ተነገራቸው፤ ጥሬው ለአራት ቀን ወደ 33 ተመለሰ፤ ከዚያ በፈቃዳቸው ወደ 28 ወረደ። የወይዘሮዋ ድምር 325።

በአራተኛው ሳምንት የምሳው ዜሮ ቀረ፤ 275።

በአምስተኛው ሳምንት ጀበናው ሁለት ሆነ። እናትየው ትንሿን ጀበና በ14 ግራም ጥሬ ያዙ፤ ድርሻቸው ከዚያ በኋላ አልተለወጠም። ወይዘሮዋ 10 ግራም ቡና ላይ 4 ግራም የተቆላ ገብስ ጨመሩ። ገብሱ የመጣው ቡናው ስለ ቀጠነ ነው፤ መልክና ወፍራምነት ይሰጣል፤ ካፌይን የለውም። የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልሆነም። ገብሱንና ቡናውን አብረው በአንድ ብረት ምጣድ ቆሏቸው፤ ቡናው ሲንጣጣ ገብሱ ከስሎ ነበር። መጠኑም እኩል በእኩል ስለነበር ጀበናው አረፋ ደፍቆ ከሰሉ ላይ ገነፈለ፤ የገብሱ ስታርች በፈላ ውኃ ያብጣልና አንገቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይህ አይቀርም። መፍትሔው ገብሱን ለብቻ በለዘብተኛ እሳት ጥቁር ቡናማ እስኪሆን መቁላት፣ ከድምሩ ከሲሶ አለማሳለፍ፣ ጀበናውን እስከ አንገቱ አለመሙላት፣ ከወረደ በኋላም ለቡና ከተለመደው በላይ ሦስትና አራት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው፤ አለዚያ አንቡላው ከሲኒው ጋር ይወርዳል። ከሲሶ በላይ ከሆነ ሽታው በሶ በሶ ይላል።

ድምሩ 240 ነበር። በስድስተኛው ሳምንት 7 ግራም ቡና በ3 ግራም ተኩል ገብስ ሆነ፤ 215። በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ራስ ምታት የተመዘገበው በአራት ቀን ነው፤ ሁሉም መጠኑ በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፤ ሁሉም ብዙ ሳይቆይ የለቀቀ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተነካም፤ የጎረቤቱ ቡና። ብዙ መካሪ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው፤ “ውጭ የምትጠጪውን ተዪ” ይላል። ይህ ምክር ሰውን ከሰው ይለያል። በእኛ ዘንድ ቡና መጠጣት ማለት ወሬ መስማት፣ ዕቁብ መጣል፣ የታመመ መጠየቅ ነው፤ ሲኒ የመለሰ ሰው የመለሰበትን ሰበብ ሌላው ይፈልግለታል። በአራተኛው ሳምንት ወይዘሮዋ በራሳቸው ሐሳብ ግማሽ ሲኒ ይቀዳልኝ ቢሉ ባለተራዋ ጀበናውን እንደያዙ “ምነው እትዬ፣ ቡናዬ ከፋ እንዴ?” አሏቸው። ከዚያ ወዲያ አልሞከሩትም። ቡናው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በሚያጋጥምበት፣ ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ባለበት ቀን ብቻ ከቶና ጀምረው እንዲጠጡ ተመከሩ፤ ዘግይቶ እንደ ደረሰ ሰው መቀመጥ ማንንም አያስቀይምም።

ዜሮው ለብቻው

ስለ ዜሮ ኮላ ብዙ የሚወራው በስኳር ፈንታ ስለሚገባበት ጣፋጭ ምትክ፣ ስለ አስፓርታም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. “ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል” በሚለው መደብ አስገብቶታል፤ በዚያው ጊዜ የምግብ ተጨማሪዎች ኮሚቴው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም የሚለውን ልክ ሳይለውጥ አጽንቷል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ መጠጣት ይኖርበታል። ድርጅቱ በግንቦት 2023 ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ጣፋጭ ምትክ እንዳይወሰድ የመከረውም የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዜሮው ጠላት ተብሎ አልተፈረጀም። የተቀነሰው ካፌይኑና ሰዓቱ እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ አሲዱም ጥርስን ስለሚበላ ነው። ወይዘሮዋ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው የሚጠዘጥዛቸው ጥርስ አላቸው፤ ጠርሙሱን በአንድ ሰዓት እየተጎነጩ ሲያስረዝሙት ጥርሱ ያን ሁሉ ጊዜ በአሲድ ይታጠባል።

እዚህም ያልታሰበ ነገር ገጠመ። የምሳው ዜሮ በቀረበት ሳምንት ወይዘሮዋ ከሱቁ ማቀዝቀዣ ማልት ማንሳት ጀመሩ፤ “ገብስ ነው፣ አልኮልም ካፌይንም የለው” ብለው። እውነት ነው፤ ግን አንድ 330 ሚሊ ሊትር ማልት እንደየዓይነቱ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ይኖረዋል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስኳራቸው 151 ወጣ። ዜሮን የሚተው የስኳር ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ማልት፣ የታሸገ ጁስ፣ የማንጎ ጭማቂ ሁሉ ያው ናቸው። ለስኳር ሕመምተኛ ከማልት ዜሮው ይሻል ነበር።

የሠራው ምትክ ቀላል ነው፤ የቀዘቀዘ አምቦ ውኃ በብርጭቆ፣ የሎሚ ቁራጭ ገብቶበት። እሳቸውን የሳባቸው ጣፋጩ ብቻ አልነበረም፤ ጋዙ፣ ቅዝቃዜውና ቡሽ የመክፈቱ ልማድ ጭምር ነው። የማታው ጥማትም ግማሹ ረኃብ ሆኖ ተገኘ፤ ከምሳ ወዲህ ምንም ሳይቀምሱ ነው ሱቅ የሚዘጉት። ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ሲቀምሱ ጠርሙሱን መፈለጋቸው በእጅጉ ቀነሰ። የጨው ልክ የተነገረው የግፊት ታማሚ አምቦ ሲመርጥ መለያው ላይ ያለውን የሶዲየም መጠን ይይ።

ሰኔና ነሐሴ

ሰኔ 2 የጠዋቱ ጀበና ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ 60 ሚሊ ግራም ብቻ ስለነበር። የቀረው አንድ ዜሮ ለመጀመሪያው ሳምንት ከ9 ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር ተጠጣ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማቋረጥ ከ215 ግማሹን መጣል ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲያ ዜሮ ቅዳሜና እሑድ ምሳ ላይ ብቻ ሆነ። የጎረቤቱ ቡናም ከ10 ወደ 9 ሰዓት ተኩል መጣ፤ ጎረቤቶቹም ጾመኞች ስለሆኑ ለመስማማት አልተቸገሩም።

ከዚህ በኋላ በቀን የቀረው 105 ሚሊ ግራም ነው። 100 አካባቢም ቢሆን ሱስ ይፈጥራል፤ ይህ አልተደበቃቸውም። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው፦ ይህ ቡና በጾምም በፍስክም ከሰዓት በኋላ ነው የሚጠጣው፤ የጾም መግባት ከቦታው አያነቃንቀውም። በሁዳዴ ግን የመጨረሻው ዜሮ ማታ 1 ሰዓት ተጠጥቶ ቀጣዩ ካፌይን በማግስቱ 9 ሰዓት ነበር፤ ሰውነቱ በ12 ሰዓት ልዩነት ጠዋት ቡና ለምዶ ሳለ 20 ሰዓት ሲጠብቅ ነው ራስ ምታቱ በ6 እና በ7 ሰዓት የሚነሳው። ከዚያ ደግሞ የጠዋቱና የከሰዓቱ ቡና ተደራርቦ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይጠጣል፤ ዜሮዎቹ ወደ ማታ ይገፋሉ፤ እንቅልፍ ይጠፋል።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ተጾመ። ራስ ምታት በአንድ ቀን ብቻ መጣ። ባለተራዋ ጎረቤት ወደ አዘዞ ለዘመድ ጥየቃ ሄደው ስለነበር በዋዜማው ማንም አላፈላም፤ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ያ የድሮው፣ ከዓይን ኋላ የሚነሳው መጣ። ያለ ክኒን ለቀቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤት ያላፈላ እንደሆነ ወይዘሮዋ ቤታቸው 10 ግራም ያፈላሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሌሊት 5 ሰዓት ገደማ ነው። በወር የሚወስዱት ማስታገሻ ከ12 ቀን ወደ 2 ወርዷል። ግፊታቸው 132 በ84፣ ስኳራቸው 126 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነና ማታ ማታ መራመድም ስለጀመሩ በቡናው መቀነስ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ግፊቱ በሁለቱም ጊዜ የተለካው ቡና ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ዲጂታሉ ሚዛን ወደ ሱቁ ተመልሷል። እናትየው ትንሿን ጀበናቸውን አሁንም በ14 ግራም ያፈላሉ፤ መለኪያቸው አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ሲሆን ሁለት ጊዜ ጢም ተደርጎ ይሰፈራል። ከዚያ እንዲወርዱ ሲጠየቁ “የናንተን ዜሮ አልጠጣሁ፤ ይቺን ተዉልኝ” አሉ፤ እንዳሉትም ተትቶላቸዋል።